ከቁጥር ስድስት የጀመርኩት ባለ ጃንጥላ

ከመጨረሻው ልጀምር፤ ሚስቴ ደህና ናት።

እንዲህ ብሎ መጀመር የእኔ ጠባይ አይደለም። እኔ ነገርን ከራሱ ይዤ፣ ተራውን ጠብቄ፣ ገጹን ቆጥሬ ካልሄድኩ የበላሁት የማይረጋልኝ ሰው ነኝ። ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ ጭሮ ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ሆኜ ኖሬአለሁ። ደብዳቤ ሲመጣ ገቢ መዝገብ ላይ ይሰፍራል፣ ቁጥር ይሰጠዋል፣ ማህደሩ ይወጣል። የማህደሩ የመጨረሻ ገጽ አርባ ሁለት ከሆነ አዲሱ አርባ ሦስት ይባላል። አርባ ሦስት ጠፍቶ አርባ አራት የተቀመጠበት ማህደር ሳይ ደሜ ይፈላል። “መዝገብ ቤት ያለው ሰውዬ ክፉ ነው” እንደሚባል አውቃለሁ። ክፉ አይደለሁም፤ ግን ሳይፈርም ማህደር ይዞ የሚወጣ ሰው ፊቴ ሲቆም ራሴን አላምነውም።

ሁለተኛው ሕጌ ደግሞ ይህ ነው፤ በሌላ ሰው ስም የታሸገ ደብዳቤ አልከፍትም። በእጄ ያለፈው ፖስታ ስንት እንደሆነ እግዜር ይወቀው፤ አንዱንም ግን ብርሃን ላይ ይዤ እንኳ አላየሁም። በዚህ እኮራ ነበር።

ሚስቴ የተገላቢጦሽ ናት። የአንደኛ ደረጃ ሳይንስ መምህርት ናት፤ ሥራዋ ላይ ጥንቁቅ፣ ቤት ስትገባ ግን እንደ ልቧ። መጽሐፍ ስታነሳ መጀመሪያ የምታነበው የመጨረሻውን ገጽ ነው። ቴሌቪዥን ላይ ተከታታይ ድራማ ካለ ከመሀል ገብታ፣ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ማን ማንን እንደከዳ ታውቃለች። እኔ አጠገቧ ተቀምጬ “ይሄ ማነው? ያቺስ ለምን ታለቅሳለች?” እላለሁ። “ቁጭ በልና እይ፤ ትደርስበታለህ” ትለኛለች። እኔ አልደርስበትም። ተናድጄ ተነስቼ እሄዳለሁ። በዚህ ነገር ሃያ አንድ ዓመት ተጨቃጭቀናል፤ ልጃችን ዩኒቨርሲቲ ገብታ ቤቱ ለሁለታችን ብቻ ከቀረ ወዲህ ደግሞ ጭቅጭቁ ጨምሯል፤ የሚገላግለን የለማ።

እቤትም ማህደር እንዳለኝ መናገር አለብኝ። ቀዩ የእርሷ ነው፣ ሰማያዊው የእኔ፣ ቢጫው የልጃችን። የክትባት ካርድ፣ የትምህርት ማስረጃ፣ የሐኪም ወረቀት፣ ሁሉም ቀኝ ጥጉ ላይ የገጽ ቁጥር አለው። ዘመዶች ሲስቁብኝ ሚስቴ “ተዉት፤ ሌላው ባል ይጠጣል፣ የኔው ቁጥር ይጽፋል” ትላቸዋለች።

ከፋሲካ በኋላ አንድ ቀን ቁርስ ላይ፣ ዳቦውን እየቆረሰች፣ “ግራ ጡቴ ውስጥ ሽምብራ የምታክል ነገር አገኘሁ” አለችኝ። ስለ ሰፈር ውሃ መጥፋት እንደምትነግረኝ ነው የነገረችኝ። እኔ የያዝኩትን ብርጭቆ አስቀመጥኩ። “ከመቼ ጀምሮ?” አልኳት። “ከመቼ ጀምሮ እንደሆነማ እሱ አይናገር፤ ዛሬ ነው ያገኘሁት” አለች።

ሆስፒታል ሄድን። ከሌላ ክልል ተመድቦ የመጣ ወጣት ሐኪም አያት፣ በመርፌ ናሙና ወሰደ፣ ናሙናው አዳማ ሄዶ እንደሚመረመርና ሁለት ሳምንት እንደሚፈጅ ነገረን። አዳማ የሚኖረው የሚስቴ ወንድም ውጤቱን ተቀብሎ በሹፌር እጅ እንዲልክልን ተስማማን። በእኛ አገር መድኃኒቱም፣ የሠርግ ጥሪውም፣ የመኪና መለዋወጫውም የሚመጣው በሹፌር እጅ ነው፤ እስካሁን የጠፋ ነገር አላየሁም።

ያን ሁለት ሳምንት እንዴት እንዳሳለፍኩት አልናገርም። “የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል” የሚለው ተረት ጆሮዬ ውስጥ ገብቶ አልወጣ አለኝ። እሷ ፈተና ታርማለች፣ ከጎረቤት ጋር ትስቃለች። እኔ ሌሊት የምትተነፍሰውን እቆጥራለሁ።

ሰኞ ጠዋት መናኸሪያ ሄጄ ፖስታውን ተቀበልኩ። ሹፌሩ በመስኮት አውጥቶ “የአዳማው ዕቃ የእርስዎ ነው?” አለኝ። ዕቃ አለው። ቡናማ ፖስታ ነው፣ ክዳኑ ላይ ማኅተም ተመትቶበታል፣ ፊቱ ላይ የዚያ ወጣት ሐኪም ስም ተጽፏል። ቀጥታ ሆስፒታል ወሰድኩት። ተረኛዋ ነርስ ሐኪሙ ለዘመቻ ሥራ ገለምሶ መሄዱንና የሚመለሰው በሚቀጥለው ሰኞ እንደሆነ ነገረችኝ። ቀጥላም በትህትና “ሌላ ሐኪም አለ እኮ፤ ይክፈትልዎ?” አለችኝ።

“የተጻፈው በእርሱ ስም ነው” አልኳት ፊቴን ኮስተር አድርጌ። “እንደፈለጉ” ብላ ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

ያኔ ለራሴ ሕግ አከበርኩ ብዬ ነበር። ዛሬ እውነቱን ልናገር፤ ፈርቼ ነው። ፖስታው እስካልተከፈተ ድረስ ሚስቴ ጤነኛ ናት፤ ከተከፈተ ግን ምን እንደምትሆን አላውቅም። ፈሪ ለእናቱ ይላሉ፤ ለሚስቱ ምን እንደሚሆን ግን የተረተ የለም።

ከሆስፒታሉ በር ፊት ለፊት አንዲት ልጅ የምትሠራበት የፎቶኮፒ ሱቅ አለ። ገባሁ። በእጄ የሚያልፍ ደብዳቤ ሁሉ ቅጂው ይቀራል፤ ደንቡ ነው። ውስጡን መክፈት ስለማልችል ላዩን ኮፒ ላስደርግ ነው የገባሁት። እባካችሁ አትሳቁ።

“ጋሼ፣ ውስጡን ነው አይደል?” አለችኝ ልጅቱ።

“አይደለም፣ ላዩን።”

“ላዩን ብቻ?”

“ላዩን ብቻ። ከፊትም ከኋላም።”

ፖስታውን ገለባብጣ አየችው፣ እኔንም አየችኝ፣ ከዚያ ማሽኑ ላይ አስተኛችው። ይሄኔ መብራት ሄደ። “አቦ! ቁጭ ይበሉ ጋሼ፣ ይመጣል” ብላ በርጩማ ሰጠችኝ።

ተቀምጬ ሳለሁ ነው ያየሁት። ግድግዳው ላይ በተወጠረ ሲባጎ በልብስ መቆንጠጫ የተንጠለጠሉ፣ ወረቀታቸው ታጥፎ መሀላቸው በሽቦ የተሰፋ ቀጫጭን መጽሔቶች አሉ። የሥዕል ታሪክ ናቸው፤ ልጆቹ ኮሚክ የሚሉት። አንዱን አወረድኩ። ሽፋኑ ላይ የታጠፈ ጃንጥላ የያዘ ቀጭን ሰውዬ ቆሟል፣ ከላዩ “ቁጥር ስድስት” ይላል። ሰውዬው ወደ ጎን አይደለም የሚያየው፤ ወደ እኔ ነው። ካፉ በወጣው ክብ ውስጥ “ዘግይተሃል” ተብሎ ተጽፏል።

ገለጥኩት። “አንተ፣ አዲሱ!” ይላል ባለ ጃንጥላው ከመጀመሪያው ሳጥን ውስጥ። “ከቁጥር አንድ ጀምሮ አብረውኝ ያሉት ያውቁኛል። አንተ ገና አሁን መድረስህ ነው። አይዞህ፣ እኔም ከመሀል ነው የጀመርኩት። ከመሳሌ በፊት የት እንደነበርኩ የነገረኝ የለም።”

ዘጋሁት። እንዲህ ያለ ነገር አልወድም። በሥዕል ያለ ሰው መሳሉን አውቆ እኔን ሲያነጋግረኝ ድፍረት መሰለኝ፤ ከዚያ ይልቅ ደግሞ ከስድስት መጀመሬ አንገበገበኝ።

“ቁጥር አንድን ስጪኝ” አልኳት።

“ቁጥር አንድ የለም ጋሼ። አልቋል። ገለምሶ አንድ ፀጉር አስተካካይ አለ፣ እሱ ብቻ ነው ሁሉም ያለው።”

“እንዴት አንድ ሳይኖር ስድስት ይሸጣል?”

ሳቀች። “ሁሉም ሰው ከመሀል ነው የሚጀምረው እኮ። በሚኒባስ ነው የምልከው። ሚኤሶ ያሉት ከአራት ጀመሩ፣ መሰላ ያሉት ደግሞ ከሰባት። የደረሳቸውን ያነባሉ። ማንም አልሞተም ወላሂ።”

“እኔ መዝገብ ቤት ብታደርጊው በማግስቱ ነው የምትባረሪው” አልኳት። ከልቤ ነበር። እሷ ግን ይበልጥ ሳቀች። ጣቶቿ ላይ ያለውን ጥቁር ቀለም ያየሁት ያኔ ነው። የምትስለውም የምትጽፈውም እሷው ራሷ ነበረች።

መብራቱ መጣ። የፖስታውን ቅጂና ቁጥር ስድስትን ይዤ ወጣሁ። እቤት ገብቼ ቅጂውን በደንቡ መሠረት ማህደሩ ውስጥ አስገባሁ፣ ቁጥር ሰጠሁት። ፖስታውን የኮቴ የውስጥ ኪስ ውስጥ ከተትኩ። ሚስቴ ከትምህርት ቤት ተመልሳ ምሳ ስታቀርብ “አልመጣም?” አለችኝ።

“ገና ነው” አልኩ።

በሃያ አንድ ዓመት ውስጥ ብዙ ነገር ደብቄያት ይሆናል፤ አይኗን እያየሁ የዋሸኋት ግን ያን ቀን ነው።

ማክሰኞና ረቡዕ ቢሮ በሬን ዘግቼ ቁጥር ስድስትን አነበብኩ። አንድ ጊዜ አይደለም። መጀመሪያ ለማንበብ ሳይሆን ለመናደድ ነበር፤ በእርሳስ ገጾቹ ላይ ቁጥር ጻፍኩባቸው፣ ሠዓሊዋ ልጅ አልጻፈችባቸውማ። ባለ ጃንጥላው የሚመላለስበት ከተማ የእኛን ይመስላል፤ ዳገት ላይ የተንጠለጠሉ ቤቶች፣ ጫት የጫኑ መኪናዎች፣ ባጃጅ። ሰውዬው የሳጥኑን ግድግዳ በጃንጥላው እየቆረቆረ ሠዓሊዋን ይጠራታል። “ስድስት ቁጥር ሙሉ ጃንጥላ አስይዘሽ አንዲት ጠብታ ዝናብ አላዘነብሽልኝም! ታዲያ ለምን አስያዝሽኝ?” ይላታል። ከገጹ አናት ላይ ብዕር የያዘ እጅ ብቅ ይልና “ቀለም እየቆጠብኩ ነው” ይለዋል። ሳላስበው ሳቅሁ። ከፋሲካ ወዲህ ሳልስቅ ቆይቼ ኖሮ ድምፄ ለራሴ እንግዳ ሆነብኝ።

የመጨረሻው ገጽ ላይ ግን ሳቁ ቀረ። ባለ ጃንጥላው አንድ የተዘጋ በር ፊት ቆሟል፤ እጁ እጀታው ላይ ነው። “ከጀርባው ምን እንዳለ አላውቅም” ይላል። “የምትስለኝም አታውቅም፣ ገና አልሳለችውም። ቁጥር ሰባት እስኪወጣ እንደዚህ ቆሜ እቆያለሁ። እጄ ዛለ። አንተስ? አንተም ቆመህ የምትጠብቅበት በር አይጠፋህም።”

መጽሔቱን ወርውሬ ተነሳሁ። ይህቺ ልጅ ምን አገባት! ትንሽ ቆይቼ አነሳሁት። ነገሩ የከበደኝ ከመጀመሪያው ስላላነበብኩት ነው ብዬ ወሰንኩ። ቁጥር አንድን ካገኘሁ ሰውዬው ማን እንደሆነ፣ በሩ ፊት እንዴት እንደደረሰ ይገባኛል፣ ልቤም ይረጋል። ደግሞስ ሐኪሙ ገለምሶ አይደለም? በአንድ ጉዞ ሁለት ጉዳይ።

ሐሙስ ጠዋት ለሚስቴ “ገለምሶ የቢሮ ሥራ አለኝ” አልኳት። ሁለተኛ ውሸት። በር ላይ አቁማኝ የኮቴን ኮሌታ አስተካከለች። እጇ ደረቴ ላይ ወርዶ ኪሴ ላይ ትንሽ ቆየ። “ሂድ። በጊዜ ተመለስ” አለችኝ።

ሚኒባሱ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጡት ጫት ነጋዴ የሆኑ ወፈር ያሉ ሴት ነበሩ። በዴሳ ከተማን ስናልፍ መጽሔቱን አውጥቼ የመጨረሻውን ገጽ ስመለከት አጎንብሰው አዩት።

“ስድስት ነው? እኔ ሰባት አይቻለሁ፤ ልጄ አነበበችልኝ። በሩ ጀርባ ምን እንዳለ ልንገርህ?”

“እንዳይነግሩኝ!” ብዬ ጮህኩ። ሚኒባሱ ሁሉ ዞሮ አየኝ፣ ረዳቱ ሳቀ። ሴትዮዋ ምንም አልመሰላቸውም።

“ተው እሺ። ግን ምን ያስፈራሃል? ብትከፍተውም ባትከፍተውም፣ ከጀርባው ያለው ያው ነው” አሉኝና ሻሻቸውን አስተካክለው ተኙ።

እኔ ግን እስከ ገለምሶ ድረስ እጄን ኪሴ ላይ አድርጌ ነው የሄድኩት። ተራራው በቡናና በጫት ተሸፍኖ አረንጓዴ ነበር፤ ሌላ ጊዜ ቢሆን ደስ ባለኝ።

ገለምሶ ወርጄ የጤና ጣቢያውን አቅጣጫ ጠየቅሁ፤ በስተቀኝ አሉኝ። ፀጉር አስተካካዩስ? በስተግራ። እግሬ ወደ ግራ ሄደ። ስለ ሚስቴ የተጻፈውን የሚያነብልኝ ሐኪም በአንድ ወገን፣ የሥዕል መጽሔት በሌላ ወገን፣ እኔም መጽሔቱን መረጥኩ። ይህን ስጽፍ ዛሬም ጆሮዬ ይግላል።

ፀጉር አስተካካዩ ጢማቸውን በሂና ያቀሉ ሽማግሌ ናቸው። “አሰላሙ አለይኩም” ብለው እጄን ጨብጠው ወንበር ሰጡኝ፤ የጀመሩትን ሰው ጨርሰው እስኪሸኙ ጠበቅኳቸው። የመጣሁበትን ስነግራቸው ከመስታወቱ ጀርባ አንድ ፌስታል አወጡ። ሁሉም በተራ ተደርድረዋል፣ ከአንድ እስከ ስምንት። ሰውዬውን በዚያች ደቂቃ ወደድኳቸው።

ቁጥር አንድን ገለጥኩ። ባለ ጃንጥላው ባዶ ሳጥን ውስጥ በርጩማ ላይ ተቀምጧል። ቀና ብሎ አየኝ።

“አንተ ደግሞ እዚህ ምን ትሠራለህ?” ይላል። “በሩ ያለው ቁጥር ስድስት ላይ ነው። እዚህ በር የለም፣ ዝናብ የለም፣ ምንም የለም። ወደ ኋላ የመጣኸው ልትረዳ አይደለም፤ ልትሸሽ ነው። ተመለስ።”

“እንዴት ነው ይሄ?” አልኳቸው። “ቁጥር አንድ ላይ ሆኖ ስለ ስድስት እንዴት ያውቃል?”

“ኧረ ይቺማ አዲስ ናት” አሉኝ። “ልጅቱ የድሮውን ሻይ አፍስሳበት ተበላሸ። ከስምንት በኋላ እንደገና ሣለችው። አሁን አንድን የሚፈልግ ሰው ሁሉ ሌላውን አንብቦ የመጣ ነው ብላ ነው እንዲህ የጻፈችው።”

ሳቅሁ። ጥሩ ሳቅ ነበር፣ ከሆዴ። ነገር ግን አላቆም አለኝ፤ መሀል ላይ ሳቁ ወደ ሌላ ነገር ተለወጠና ፊቴ ረጠበ። ሽማግሌው ፎጣ አቀበሉኝና “ሳሙና ገባብዎት?” አሉኝ። ፊቴን ሳሙና የነካው የለም። እንደዚያ ያለ ጨዋነት በብዙ ቦታ አላየሁም።

ነገርኳቸው። ለማላውቀው ሰው፣ ለማንም ያልነገርኩትን፤ ሚስቴ እንደታመመች፣ ውጤቱ ኪሴ ውስጥ እንዳለ፣ አራተኛ ቀኔ እንደሆነ፣ ፖስታው የሐኪሙ ስለሆነ እንዳልከፈትኩት።

“ደብዳቤው የሐኪሙ ነው?”

“አዎ።”

“ሕመሙስ የማን ነው?”

ሽማግሌው መጽሔቱን አጥፈው ፌስታሉ ውስጥ መለሱ፤ “ይሂዱ፣ ሚኒባሱ ሳይሞላ” አሉኝ። ወደ ጤና ጣቢያው አልሄድኩም። በመጣሁበት ሚኒባስ ተመለስኩ።

እቤት ስደርስ ሚስቴ ጠረጴዛው ላይ ደብተር እያረመች ነበር። ፖስታውን አውጥቼ ደብተሮቹ ላይ አኖርኩት። “ሰኞ ነው የመጣው። ዋሸሁሽ። ፈርቼ ነው” አልኳት። በመንገድ ላይ ብዙ ዓረፍተ ነገር አዘጋጅቼ ነበር፤ የወጣልኝ ይሄ ብቻ ነው።

ተነሳች፣ ቁም ሳጥኑን ከፈተች፣ ቀዩን ማህደር ይዛ መጣች። ገልጣ ፊቴ አኖረችው። ገጽ አሥራ አራት፤ የፖስታው ቅጂ፣ ከፊትም ከኋላም፣ ማኅተሙ ሳይቀር፣ ቀኝ ጥጉ ላይ በራሴ እጅ የተጻፈ ቁጥር።

“ማክሰኞ ጠዋት ትምህርት ቤት የጠየቁኝን ማስረጃ ስፈልግ አገኘሁት” አለችኝ። “ከሰው ሊደብቅ የፈለገውን ነገር በዚያው ሰው ማህደር ውስጥ በቁጥር የሚያስገባ ባል ያለኝ እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም።”

መሬት ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። “ታዲያ ለምን አልጠየቅሽኝም?”

“ጠየቅኩህ እኮ። ገና ነው አልከኝ። አሁንም ገና ነው ማለት ነው አልኩ። ይደርስበታል ብዬ ቁጭ ብዬ አየሁህ።”

“አልፈራሽም?”

“እንዴት አልፈራም!” አለች፤ ያን ጊዜ ድምፅዋ ተሰበረ። “ግን ሁለታችንም በአንድ ጊዜ ከፈራን ቤቱን ማን ይይዘዋል?”

ሦስት ቀን ሙሉ፣ እኔ ለራሴ ስፈራ፣ እሷ ለሁለታችን ስትፈራ ነበር። በየምሳው ወጥ እየጨመረችልኝ። በሕይወቴ እንደዚያች ሰዓት ያፈርኩበት ጊዜ የለም፤ እንደዚያች ሰዓትም የወደድኳት ጊዜ የለም።

ፖስታውን አነሳች። ልትቀደው ስትል አፌ አላስቻለውም፤ “ማኅተሙን እንዳትነኪው፣ በምላጭ ከጎን...” አልኩ። ቀና ብላ አየችኝና በማኅተሙ መሀል ለሁለት ተረተረችው። ወረቀቱን አውጥታ ዓይኗን እንደ ልማዷ ቀጥታ ወደ ታች፣ ወደ መጨረሻው መስመር ላከች። እኔ የግድግዳው ሰዓት ሲቆጥር እሰማለሁ።

“ካንሰር አይደለም” አለች። “ክፉ ያልሆነ እብጠት ነው ይላል።”

“ከላይ ጀምረሽ አንብቢው።”

“መጨረሻው ይበቃኛል።”

ከእጇ ወስጄ ከላይ ጀመርኩ። ስም፣ ዕድሜ፣ የናሙና ቁጥር፤ እሱ ገባኝ። ከዚያ በታች ያለው ሁሉ የሐኪም ቃል ነው፤ አንዱም አልገባኝም፤ ግን አንድም መስመር ሳልዘል ወረድኩ። የመጨረሻው መስመር ላይ ስደርስ ጣቷን አስቀምጣ ጠበቀችኝ። ቃሉን እሷ ተረጎመችልኝ። ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። እሷም መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች፣ ጀርባችንን ቁም ሳጥኑ ላይ ደግፈን፣ አንድ ጊዜ እየሳቅን አንድ ጊዜ እያለቀስን። ጎረቤታችን ድምፅ ሰምታ ሰው የሞተ መስሏት እየሮጠች ገባች። “ኧረ የለም፣ የለም! ደህና ነኝ!” ስትላት እልል ብላ ሰፈሩን ሰበሰበችው።

ሰኞ ሐኪሙ አየውና ያንኑ ነገር ነገረን፤ ከስድስት ወር በኋላ ለክትትል መምጣት ብቻ ነው አለ። “ግን ያን ሁሉ ቀን ለምን ሌላ ሐኪም አላስከፈታችሁም?” ብሎ ጠየቀ። ሚስቴ ወደ እኔ ዞረች። እኔ ጣራውን አየሁ።

ወረቀቱ አሁን ቀዩ ማህደር ውስጥ ነው። ገጽ አሥራ አምስት። ቁጥሩን የጻፈችው እሷ ናት፤ ጠማማ ነው፣ ጥጉን ትቶ መሀል ላይ ነው። አላረምኩትም።

ከሆስፒታሉ ስንወጣ ሱቁ ገባንና ቁጥር ሰባትን ወሰድን። ልጅቱ ከሁለት እስከ አምስት ያሉትንም እንደገና እየሣለችልኝ እንደሆነ ነገረችኝ፤ “አትቸኩዪ” አልኳት፣ ራሴን እስኪገርመኝ። ሚስቴ እዚያው ቆማ መጽሔቱን ከኋላ ገለጠችው፣ ከዚያ ለእኔ ሰጠችኝ። ባለ ጃንጥላው በሩን ከፍቷል። ከጀርባው ያለው ዝናብ ነው፤ ገጹን ሙሉ፣ ቀለም ሳይቆጠብ። ሰውዬው ጃንጥላውን ዘርግቶ ቆሟል፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ምንም አይናገርም።

የዚያን ቀን ምሽት ሚስቴ ቴሌቪዥኑን ከፈተች። ተከታታይ ድራማ ነው፤ ስንተኛው ክፍል እንደሆነ እግዜር ይወቅ። አጠገቧ ተቀመጥኩ። አንዲት ሴት መስኮት ላይ ቆማ ትጠብቃለች። አንድ ኮት የለበሰ ሰውዬ ከበሩ ውጭ ቆሞ ለማንኳኳት እጁን ያነሳል፣ ያወርዳል። ጥያቄው አፌ ላይ መጣ፤ ዋጥኩት። ቁጭ ብዬ አየሁ።

ሚስቴ ሳልጠይቃት፣ አይኗን ከቴሌቪዥኑ ሳትነቅል ነገረችኝ።

“ባሏ ነው” አለችኝ። “ፈሪ ነው፤ ግን ይመጣል።”